ስንቅ ከሰበታና ከሱሉልታ፣ ጥይት ከባሕር ማዶ

የኢትዮጵያ ጦር ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ስለ ውጊያው ውሎ፣ ስለ አዋጊዎቹ ጀግንነትና ስለ ድሉ ወይም ስለ ሽንፈቱ ምክንያት ሲሆን፣ ጠመንጃው ከየት ተገዝቶ በምን ተጭኖ እንደ መጣ፣ ወታደሩም ከቀዬው ተነሥቶ ግንባር እስኪደርስ ምን በልቶ እንደ ሰነበተ የሚናገረው ክፍል በየመጻሕፍቱ ዳር ዳር ተበታትኖ ቀርቷል። በዛሬው አጠራር ሎጂስቲክስ የሚባለው፣ ይኸውም ለሠራዊት የሚያስፈልገውን ሁሉ ገዝቶ፣ አከማችቶና አጓጉዞ በወቅቱ የማድረስ ሥራ፣ በሸዋ ቤተ መንግሥት ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሳይኖረው ለረጅም ዘመን ሲከናወን ኖሯል። ሥራው ሁለት ምንጮች ነበሩት። መሣሪያው ከምሥራቅ፣ የባዕዳን ይዞታ ከነበሩት ወደቦች በኩል ሲመጣ፣ እህሉና አጋሰሱ ደግሞ ከዋናው ከተማ ዙሪያና ከዚያ አልፎ ካለው አገር ይሰበሰብ ነበር። በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ቡራዩና ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ የተዘረጋችው ሱሉልታ የዚህ የሁለተኛው ምንጭ በሮች ናቸው። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃልለዋል፤ በታሪክ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ይዘው የኖሩ ናቸው።

ንጉሥ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የመሣሪያ ግዥን ለአንድ አገር ወይም ለአንድ ነጋዴ አልሰጡም። ከኢጣሊያ ጋር በፒየትሮ አንቶኔሊ በኩል ተዋውለው እ.ኤ.አ. በ1887 የ5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ተስፋ ሲቀበሉ፣ በዚያው ዘመን ከፈረንሳዮቹ ከሌዎን ሸፍኖና ከአርማን ሳቩሬ እንዲሁም ከሌሎች የታጁራና የኦቦክ ነጋዴዎች ጋር ይገበያዩ ነበር። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ከገባ ወዲህ የዕቃውን ጥራትና ዋጋ የሚመረምር ባለሙያ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆኖ አገልግሏል። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዝያን ደግሞ ከሐረር ተነሥቶ በመሣሪያ ንግድ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ክፍያው የሚፈጸመው በማርትሬዛ ብር ብቻ ሳይሆን በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ጭምር ስለ ነበር፣ የግዥው አቅም የተመሠረተው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በተስፋፋው ግዛት ላይ ነው፤ ጠመንጃው ግዛቱን ያሰፋል፣ የሰፋው ግዛትም ለሚቀጥለው ጠመንጃ ይከፍላል።

የአንድ ቅፍለት ጉዞ ይህ አሠራር ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበር ያሳያል። ከባሕር ዳርቻ የተነሣው ሣጥን በግመል ተጭኖ የአፋርን በረሃ ካቋረጠ በኋላ ከተራራው ግርጌ ፈሬ ላይ ይራገፋል፤ ግመል የሸዋን ዳገት ስለማይወጣ ከዚያ ወዲያ ጭነቱ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ጀርባ ይዛወራል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ወደ 2,000 የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎችን ይዞ በዚሁ መንገድ አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሡ ከሐረር ዘመቻ አልተመለሱም ነበርና እንጦጦ ድረስ ሄዶ ለመጠበቅ ተገደደ። ንጉሡ ዋጋውን ቀነሱበት፤ የሟች ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ አነሡበት፤ ቀሪውንም በእጁ አልሰጡትም፤ ሐረር ላይ ከደጃዝማች መኮንን የሚቀበለው የክፍያ ደብዳቤ ጻፉለት። ነጋዴው እንደ ከሰረ ቆጥሮ ተመለሰ። ከገዥው ወገን ሲታይ ግን ይህ ጥሩ ግዥ ነው፤ ጥራቱ ዝቅ ያለ ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ ተወስዷል፣ ክፍያው ዘግይቷል፣ ገንዘቡም የወጣው ከዋናው ግምጃ ቤት ሳይሆን አዲስ ከተያዘው የጉምሩክ በር ነው። ስለ ራምቦ የጻፉት ብዙዎቹ የባለቅኔውን ምሬት ሲተርኩ የንጉሡን የግዥ ብልሃት አልፈውት ሄደዋል።

ሻጮችን ማብዛት ነጻነትን ቢያስገኝም የራሱ ዋጋ ነበረው። በግምጃ ቤቱ ውስጥ ስናድር፣ ሬሚንግተን፣ ውጅግራ፣ ኋላም ምንሽር ጎን ለጎን ሲቀመጡ የእያንዳንዱ ጥይት የተለያየ በመሆኑ፣ የአንዱ ጭፍራ ጥይት ቢያልቅ ከጎኑ ካለው ጭፍራ የሚበደረው አይኖርም። በዚያ ላይ የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ስለ ነበር፣ ለወታደሩ የታደለው ጥይት በከፊል ወደ ጨውና ወደ ከብት ተለውጦ ይቀር ነበር። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ሹም በጅሮንድ፣ ማለትም የግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ በጅሮንድ ባልቻ ሳፎ በዓድዋ በመድፈኛነት ከመታወቃቸው በፊት የያዙት ማዕረግ ይህ ነበር። የባሕሩን በር የሚጠብቁት የሐረሩ ገዥ መኮንን፣ የውጭ ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ኢልግ፣ የቤተ መንግሥቱን ጓዳና የዘመቻውን ስንቅ የሚያስተዳድሩት እቴጌ ጣይቱ ሲሆኑ፣ ሁሉንም በአንድነት የሚያውቁት ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ስም አልነበረውም፤ አለቃው ግን የታወቀ ነው።

ከዚህ በጣም የሚለየው የእህሉ ጉዳይ ነው። ወታደር ደመወዝ ስለማይቆረጥለት የሚኖረው ወይ በተሰጠው ማደሪያ መሬት፣ ወይ በገባር ትከሻ፣ ወይ በቤተ መንግሥት ግብርና ቀለብ ነበር። በሸዋ የመሬት ሥርዓት የጭነት መሬት የሚባል ይዞታ ነበር፤ ባለይዞታው በዘመቻ ጊዜ የመንግሥትን ስንቅና ድንኳን የሚሸከም አጋሰስ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሁዳድ የሚባለው የመንግሥት እርሻ ደግሞ በአካባቢው ገባሮች ነጻ ጉልበት ታርሶ፣ ታርሞና ታጭዶ ምርቱ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። ለከተማዋ ቅርብ የሆነ ሕዝብ የዚህን ሸክም ከፍተኛ ድርሻ መሸከሙ አያስገርምም፤ በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ከወረደ በኋላ ለእህል፣ ለማገዶ፣ ለሣርና ለጉልበት ሥራ በመጀመሪያ የሚጠራ ሆነ። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ውኃ እየተኛበት በጋ ሣሩ የሚታጨድበት አገር ነው፤ ዛሬም የአዲስ አበባ የወተት ላሞች ከዚያ በሚጫን ድርቆሽ ይኖራሉ። በሰበታ በኩል ደግሞ የአዋሽን ሜዳ ተከትሎ የበቾ ጥቁር አፈር ይገኛል፤ ጤፉና ሽንብራው በዚያው መንገድ ወደ ከተማ ይገባል። ፈረስና በቅሎ ያለ ሣር፣ ወታደርም ያለ ጤፍ እንደማይዘምት ለሚያውቅ ሰው የእነዚህ ሁለት ሜዳዎች ዋጋ ከአንድ የመሣሪያ ውል አያንስም።

ሥርዓቱ የተፈተነው በክፉ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በደረሰው ታላቅ ረኃብ ነው። የከብት በሽታው የእርሻ በሬውን ፈጅቶ ገበሬው በዶማ መቆፈር ሲጀምር፣ በየቤቱ የተመራው ወታደር የቀረችውን እህል እየነጠቀ ገባሩን ከቀዬው አስፈናቀለው። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጡት የአሥራት አዋጅ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነበር፤ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት እንዲያስገባና ወታደሩ ከዚያ ቀለቡን እንዲያገኝ፣ በምላሹም በገበሬ ቤት ገብቶ መብላት እንዲያቆም የታሰበ ነው። አዋጁ በየቦታው በእኩል ተፈጽሟል ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ከነጠቃ ወደ ክምችት የሚወስደውን መንገድ ስለ ከፈተ፣ ስለ ዓድዋ ሲነገር ከጠመንጃው ቁጥር እኩል ሊነሣ የሚገባው ነገር ነው።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. በኢጣሊያ ላይ የክተት አዋጁ ሲታወጅ፣ እያንዳንዱ ዘማች ስንቁን ራሱ ይዞ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ነበር የታዘዘው። የስንቁ ዓይነት የሚመረጠው በክብደቱና በአዘገጃጀቱ ነው። በሶ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በውኃ ብቻ ይበጠበጣል፤ እሳት ስለማይፈልግም ጭሱ ሰፈሩን ለጠላት አያሳይም። ቆሎ በኪስ ይያዛል። ጭኮ፣ ማለትም በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በጥቂቱ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ የመንገደኛ ምግብ ሆኖ የኖረውም ለዚህ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ድስትና ምጣድ፣ ወፍጮና ውኃ ተሸክመው ከጦሩ ጋር የሚጓዙት ሴቶች ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ነበር፤ በቅርብ ጊዜ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ተገቢውን ስፍራ ማግኘት የጀመሩት እነሱ ናቸው። ወደ 100,000 የሚገመተው ሠራዊት ግን አምስት ወር ሙሉ በያዘው ስንቅ ሊኖር አይችልም። የካቲት መገባደጃ ላይ ዓድዋ አካባቢ እህል አልቆ ብዙ ሰው ለፍለጋ ተሠማርቶ ነበር፤ የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪም ይህን ስላወቀ የኢትዮጵያ ጦር በረኃብ እስኪበተን ለመጠበቅ አስቦ ነበር። የእሱም ስንቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ስለ ነበር መጠበቅ አልሆነለትም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ ስንቃቸው እያለቀ የነበረ ሁለት ሠራዊቶች ውጊያ ነው።

ከድሉ በኋላ ዋናው ጉዳይ መንገድ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ሲመሠርቱ፣ ዛሬ ቡራዩ የምትገኝበትን አገር አቋርጦ የሚሄደው ጎዳና ለጋሪ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ። የሰርኪስ ባቡር ተብሎ የታወቀው፣ ተርዝያን በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት ከቆላ ያስጎተተው የእንፋሎት መዳመጫ በዚህ ሥራ ላይ ዋለ። ጠመንጃ ያመጣ የነበረው ነጋዴ የመንገድ መሣሪያ አምጪ መሆኑ የዘመኑ አሳሳቢ ጉዳይ መለወጡን ያሳያል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ ማዕረግ ቆዩ፤ ጦሩ ግን አሁንም በማደሪያ መሬት የሚኖር በመሆኑ የሚኒስትሩ ሥልጣን ከበጀት ይልቅ በመሬትና በታማኝነት ላይ የተመሠረተ ነበር።

በባሕሩ በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት ግድግዳ ቆመ። ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ የሚገድበው እ.ኤ.አ. የ1890 የብራስልስ ስምምነት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የ1919ኙ የሳን ዠርማን ውል፣ ኢትዮጵያን እንደ ቅኝ ግዛት ከክልከላው ቀጠና ውስጥ ሊያስገቧት የሚችሉ ሰነዶች ነበሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው፣ ከነገሡ በኋላ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1930 ፓሪስ ላይ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት መሣሪያ የሚገባው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈቃድ ብቻ ስለሆነ፣ በአገር ውስጥ ሲታይ ለማዕከላዊው መንግሥት በየመሳፍንቱ ላይ ትልቅ ብልጫ ሰጥቷል። በውጭ ሲታይ ግን በሩን የያዙት አሁንም ሦስቱ ጎረቤቶች ናቸው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የሚመራው የጦር ትምህርት ቤት ከቡራዩ ወዲያ ባለችው ሆለታ ሲከፈት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ በቤልጅየም መኮንኖች ይሠለጥን ነበር፤ መሣሪያው ከተለያዩ አገሮች እንደሚገዛ ሁሉ ሥልጠናውም ከተለያዩ አገሮች ይመጣ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ብሪታንያና ፈረንሳይ ለተፋላሚዎቹ ወገኖች፣ ለኢትዮጵያና ለኢጣሊያ፣ መሣሪያ እንዳይላክ ከለከሉ። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ያላት አገር ስለሆነች ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው፤ ገለልተኝነት የተባለው ነገር ከዚህ የበለጠ አድልዎ አይኖረውም።

አዲስ አበባ በኢጣሊያ ጦር ከተያዘች በኋላ የከተማዋ ሦስት በሮች፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ትርጉማቸው ተገለበጠ፤ ወደ ከተማው ስንቅ የሚገባባቸው መንገዶች የጥቃት መንገዶች ሆኑ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣ ጦራቸውን ይዘው ከፍቼ በሰሜን በኩል ሲመጡ፣ ሌሎች አርበኞች ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እንዲገጥሙ ታስቦ ነበር። ክረምቱ ወንዙን ሞልቶ፣ መገናኛ ሬዲዮ ሳይኖር፣ መልእክተኛ በእግር እየተላከ አምስትና ስድስት ጦር በአንድ ሰዓት ማስገጠም አልተቻለም፤ ከፊሉ ቀድሞ ገባ፣ ከፊሉ ዘግይቶ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዱር ያለው አርበኛ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚደርሰው ከተማ ውስጥ ጠላትን እያገለገሉ በሚመስሉ የውስጥ አርበኞች እጅ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት ጭምር ስማቸው ይነሣል። ይህ የአቅርቦት መረብ ደረሰኝና መዝገብ ስላልነበረው ታሪኩ የሚገኘው በቃል በቀረው ነው።

ከነጻነት በኋላ የነበረው ዘመን በፍጥነት ሊታለፍ ይችላል። በመጀመሪያ የብሪታንያ ወታደራዊ ተልእኮ፣ በነሐሴ 1935 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የእርዳታ ውል፣ በመጨረሻም የግንቦት 1945 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት ተከታትለው መጡ። ከዚህ ጋር የኢትዮጵያ ወታደር የራሱ ያልሆነ የአቅርቦት ሥርዓት አባል ሆነ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር 16 አገሮች በአንድ ዕዝ በተሰለፉበት ሠራዊት ውስጥ መሣሪያውን፣ ጥይቱንና ምግቡን በአሜሪካ መጋዘን በኩል ያገኝ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ የታየው ግንኙነቱ በተቋረጠ ጊዜ ነው።

ያ ጊዜ በ1969 ዓ.ም. ደረሰ። በኦጋዴን የሶማሊያ ወረራ ሲያሰጋና ሰሜኑ በጦርነት ሲናጥ ወታደራዊው መንግሥት ደርግ የእናት አገር ጥሪን አወጀ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ሚሊሺያም ከቡራዩ አጠገብ በሆለታ መንገድ ላይ በሚገኘው በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። ለጥቂት ወራት እንኳ ቢሆን በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ገበሬ ሰብስቦ ማብላት፣ ማልበስና ማስታጠቅ ከዓድዋ ወዲህ ያልታየ ሥራ ነው። በየቀበሌው ሴቶች እህል እየቆሉና በሶ እየፈጩ የዘማች ስንቅ አዘጋጁ፤ ከ80 ዓመት በፊት የነበረው ስንቅ ያለ ለውጥ ተመለሰ። መሣሪያው ግን ተለዋውጧል። ነባሩ ጦር የታጠቀው የአሜሪካ ጠመንጃ፣ ታንክና ኤፍ-5 አውሮፕላን ሲሆን፣ ከኅዳር 1970 ዓ.ም. አንሥቶ በሶቪየት አየር ድልድይ የሚመጣው ክላሽንኮቭ፣ ቲ-55 ታንክና ሚግ-21 ነው። የኤም-14 ጥይትና የክላሽንኮቭ ጥይት ሁለቱም 7.62 ሚሊ ሜትር ይባላሉ፤ የአንደኛው ቀለህ ርዝመት 51 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 39 ሚሊ ሜትር ነው። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ ቁጥር ብቻ አንብቦ ግንባር የላከ የግምጃ ቤት ሠራተኛ አንድ መቶ ሰው ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል። የዐፄ ምኒልክ ግምጃ ቤት ችግር በአዲስ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በዚህ ዘመን የአቅርቦቱ አመራር በእርግጥም የብዙ አገሮች ሆነ። ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የሚመራው የሶቪየት ቡድን፣ ከ15,000 በላይ የኩባ ወታደሮች፣ የደቡብ የመን ክፍሎችና የምሥራቅ ጀርመን አቅራቢዎች በአንድ ጦርነት ተሰለፉ፤ እስራኤልም በስውር ታግዝ እንደ ነበር የራሷ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በ1970 ዓ.ም. ይፋ አወጣ። ምሥራቅ ጀርመን በቡና እጥረት ተቸግራ ስለ ነበር በባለሥልጣኗ በቬርነር ላምበርዝ አማካይነት መሣሪያና የጭነት መኪና በቡና ለመለወጥ ተስማማች፤ ዝሆን ጥርስን በውጅግራ የለወጠው አሠራር 90 ዓመት ቆይቶ ቡናን ኢፋ በሚባለው የጭነት መኪና ለወጠ። የጦርነቱን አጠቃላይ አመራር ለማስተባበር የተቋቋመው ብሔራዊ አብዮታዊ ዘመቻ መምሪያ ከአገር ውስጥ የሚሰበሰበውን ስንቅና ከውጭ የሚመጣውን መሣሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ለማምጣት የሞከረ የመጀመሪያው ድርጅት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም መምሪያው መሣሪያ የሚመርጥ አልነበረም፤ ሻጩ አንድ ጎራ ብቻ ከሆነ በኋላ የገዥው ሚና የተሰጠውን መቀበል ሆነ፤ ለዚህም የተከፈለው ዕዳ ከደርግ ውድቀት በኋላ ለሚመጡት መንግሥታት ተላልፏል።

ዛሬ በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በጋራ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት አባል አገሮች ጥይት፣ ነዳጅና መለዋወጫ በጋራ የሚገዙበት ድርጅት መቀመጫው በሉክሰምበርግ፣ ካፔለን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ አሥር አገሮችን ያቀፈው የምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2005 አዲስ አበባ ላይ ማቋቋሚያ ሰነዱን ሲቀበል፣ የዕቅድ ክፍሉ ናይሮቢ፣ የሎጂስቲክስ ሠፈሩ አዲስ አበባ እንዲሆን ተወስኗል። የአፍሪካ ኅብረት አህጉራዊ የሎጂስቲክስ ማዕከል ደግሞ በካሜሩን ዱዋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመርቋል። እነዚህ የአፍሪካ ተቋማት የጋራ ግዥ እምብዛም የላቸውም፤ እያንዳንዱ አባል አገር የየራሱን ጦር በየራሱ መሣሪያ ያሰልፋል፤ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ ፋብሪካ የተሠራ መሣሪያ ይይዛል። የአፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል መመሪያ ሰነድ እንደሚለው፣ የሚሰማራ ጦር እንደ ተልእኮው ዓይነት ለመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 90 ቀናት ስንቁን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የአፍሪካ ኅብረት ይረከበዋል። ችግሩ የሚነሣው በርክክቡ ቀን ነው፤ ኅብረቱ የሚያጓጉዝበት አውሮፕላንም ሆነ የሚከፍልበት ገንዘብ በአብዛኛው የለጋሾች ስለሆነ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ሰበታ መሆኑ በሌላ በኩል ከባሕር ተነሥቶ ከሦስቱ በሮች እስከ አንዱ የሚደርስ መስመር አስገኝቷል፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መስመር ሲሠራ በፈሬ የነበረው ከግመል ወደ በቅሎ የሚደረግ ማዛወር ከባቡር ወደ ከባድ መኪና ሆኗል፤ ወደቡም እንደ ቀድሞው በሌላ አገር እጅ ነው።